የዘጠኝ ቀን ጸሎትና ቢጫው ባሊ

በትምህርት ቤታችን ስብሰባ መጨረሻ ላይ ከመድረኩ «ጥያቄ ያለው አለ?» ተባለ። እንዲህ ሲባል መምህር ሁሉ ደብተሩን አጥፎ በሩን ማየት ይጀምራል፤ እኔም ስምንት ዓመት ሙሉ እንደዚያው ሳደርግ ኖሬአለሁ። የዚያን ቀን ግን እጄን አወጣሁ። ከሁለት ሳምንት በፊት ከመምህራን ማረፊያ ክፍል የተወሰዱት ሁለት ባልደረቦቻችን የት እንዳሉ ማወቅ እንፈልጋለን አልኩ። ጥያቄው ተመዝግቧል፣ መልሱ ይመጣል ተባልኩ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዘጠነኛ ክፍል ገብቼ ስለ ቀጥታ መስመር እያስረዳሁ ሳለ ሁለት ሰዎች በሩ ላይ ቆመው በትሕትና ጠሩኝ። መልሱን በቃል ከመንገር በአካል ወስደው አሳዩኝ።

ባልደረቦቼን ግን እዚያ አላገኘኋቸውም። እኔ በገባሁበት ዋዜማ ተፈትተው ነበር። አሁን ደግሞ እኔ የት እንዳለሁ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልግ ነበር፤ እነሱ ለጊዜው የመጠየቅ ፍላጎት አልነበራቸውም። አልፈርድባቸውም።

ክፍሉ ሮቤ ከተማ ዳር ያለ የድሮ የእህል መጋዘን ነበር። ባሌ የስንዴ አገር ነውና መጋዘን አይቸግርም። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መስኮቶቹ ከጣሪያው ሥር ያሉ ሁለት ቀዳዳዎች፣ ወለሉ የተሰነጣጠቀ ሲሚንቶ ነው። የነቀዝ መድኃኒት ሽታ ገና ከግድግዳው አልለቀቀም። በወለሉ ስንጥቆች ውስጥ በጥፍር ቢቆፈር እፍኝ የሚሞላ ስንዴ ቀርቷል። አሥራ አንድ ሰዎች ፍራሻቸውን ደርድረው ተቀምጠው ያዩኛል። በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ መጀመሪያ ያየሁት ግን እነሱን አልነበረም፤ በሩ ሥር የተቀመጠውን ቢጫ ባሊ ነው። ቦታህ እሱ አጠገብ ነው ተባልኩ።

ባሊው ድሮ የቀለም ዕቃ ነበር። አንዱ ጆሮው ተሰብሮ ማንጠልጠያው በሽቦ ስለታሰረ፣ ሲነሳ ወደ ግራ ያዘነብላል። ሽንት ቤት የምንወጣው ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩልና ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ብቻ ነው። በመካከል ያለውን ጊዜ የሚችልልን ባሊው ነው።

የክፍሉ ካቦ፣ ማለትም እስረኞቹ የመረጡት አለቃ፣ አርባን የተሻገረ የጎባ ሰው ነው። ዕድሜውን በመዝገብ ቤት ሠራተኝነት ያሳለፈ፣ ቀንና ቁጥር የሌለው ነገር የማይጥመው ሰው። ሕጉን ቆሞ አነበበልኝ፤ ወረቀት ግን በእጁ አልነበረም። አንደኛ፣ አዲስ ገቢ ሌላ አዲስ ገቢ እስኪመጣ ድረስ ባሊውን ጠዋትና ማታ ያወጣል። ሁለተኛ፣ እስከዚያው ድረስ ባሊው አጠገብ ይተኛል። ሦስተኛ፣ ሌላውን ሰው የበደለ፣ ተራው ባይሆንም፣ ካቦው እስከወሰነው ቀን ድረስ ባሊውን ያወጣል። ከዚህ ሕግ በፊት በባሊው የተነሳ ጥርሱ የወለቀ ሰው እንደነበረና ከሕጉ ወዲህ ግን አንድም ጠብ እንዳልተነሳ ነገረኝ። ባሊውን የሚለቅልኝ ሰው የባጃጅ ሹፌር ነበር፤ ሁለት ቀን ብቻ ተሸክሞ እኔ ስለደረስኩለት «እግረ እርጥብ ነህ መምህር» ብሎ አቀፈኝ። በሁለት በሦስት ቀን አንድ ሰው አይጠፋም፣ አይዞህ አለኝ።

ከእኔ በኋላ ግን አገሩ ሁሉ ሰላም ሆነ። አንድ ሳምንት አለፈ፣ ማንም አልገባም። ሰው ሁሉ አርፎ ቤቱ ተቀመጠ።

ከበሩ እስከ ሽንት ቤቱ አርባ ሦስት እርምጃ ነው። መንገዱ በሽቦ አጥሩ ጥግ ያልፋል፤ ስንቅ የሚያመጡ ቤተሰቦች በየማለዳው ከአጥሩ ውጭ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። በመጀመሪያው ጠዋት ከመካከላቸው አንዲት ተማሪዬን አየሁ። አባቷ በሌላው ክፍል ታስሮ ኖሮ ቁርስ ይዛለት መጥታለች። እኔን ከነባሊው ስታይ ቶሎ ፊቷን አዞረች። እንዳላፍር ብላ ነው፤ ደግ ልጅ ናት። ፊቷን ማዞሯ ግን ከባሊው ይልቅ ከበደኝ። ከዚያ ወዲያ የኮቴን ኮሌታ እስከ ጆሮዬ ስቤ፣ ጎንበስ ብዬ፣ በችኮላ ማለፍ ጀመርኩ። በችኮላ ሲሄዱበት ደግሞ ያ የተሰበረ ጆሮ ጫማዬ ላይ ያፈሳል። ከእስሩ ሁሉ ይልቅ ያንገበገበኝ ይሄ አርባ ሦስት እርምጃ ነበር፤ ሌላውን ከሰው ጋር ተካፍዬ እችለው ነበር።

እኔ ካቶሊክ ነኝ። በልጅነቴ፣ ወላይታ ውስጥ፣ እናቴ ቅዱሳንን እንደ ጎረቤት ነበር የምታወራቸው። የጠፋ ነገር የቅዱስ አንጦንዮስ ጉዳይ ነው፤ የሥራ ነገር የቅዱስ ዮሴፍ። ትንሿ ቅድስት ተሬዛ ደግሞ እኔን ለማሳደግ የተመደበች ነበረች። ተሬዛ በልጅነቷ ገዳም ገብታ በሃያ አራት ዓመቷ ያረፈች ፈረንሳዊት ናት። ትልቅ የሚባል ሥራ አልሠራችም፤ የምትታወቀው ትንሹን ሥራ በፍቅር በመሥራቷ ነው። የማትጥማትን የገዳም እህት ስታይ ፈገግ ትላለች፤ ሌላው የሸሸውን ሥራ ታነሳለች። ውኃ ቅዳ ተብዬ ካጉረመረምኩ እናቴ «ተሬዛ ብትሆን ይሄኔ ደርሳ ተመልሳለች» ትለኝ ነበር። የማትታይ ታላቅ እህት ያለችኝ ይመስለኝና እናደድባት ነበር።

ስገባ መቁጠሪያዬን ከቀበቶዬና ከስልኬ ጋር ወስደውታል። የጸሎት ነው ብላቸው፣ ክር አለው አሉኝ። ስለዚህ በሁለተኛው ቀን ከወለሉ ስንጥቅ ሃምሳ ዘጠኝ ፍሬ ስንዴ ቆፍሬ አወጣሁ፤ በመቁጠሪያው ላይ ያሉት ፍሬዎች ቁጥር ነው። ጠዋት ጠዋት ከቀኝ ኪሴ ወደ ግራ ኪሴ አንድ በአንድ እያሳለፍኩ እጸልይ ጀመር። ቀትር ላይ የመልአኩን ብሥራት፣ ምሽት ላይ ደግሞ ቀኑን እንዴት እንደዋልኩ ኅሊናዬን መመርመር፤ ቤቴ ሆኜ በቅጡ የማላደርገውን ሁሉ እዚያ አንድም ቀን አላጓደልኩም። ጊዜ ነበረኛ።

በእሱ ላይ ኖቬና ጨመርኩበት። ኖቬና የዘጠኝ ቀን ጸሎት ነው። አንድ ነገር ይዘህ፣ በአንድ ቅዱስ አማላጅነት፣ ዘጠኝ ቀን ሳታቋርጥ ትለምናለህ። የመጀመሪያውን በተሬዛ አማላጅነት ለመፈታት አደረስኩ። በዘጠነኛው ቀን ሽሮው ትንሽ ከመወፈሩ በቀር የተለየ ነገር አልሆነም። የሒሳብ መምህር ነኝና ስህተቴን ፈለግኩ። ትልቅ ነገር ጠይቄአት ነው አልኩ። ተሬዛ የትንንሽ ነገር ቅድስት ናት፣ ትንሽ ነገር ልጠይቃት። በማግስቱ ሁለተኛውን ጀመርኩ። «ከዚህ ባሊ ገላግይኝ» አልኳት። ሌላ ምንም አልጨመርኩበትም።

አሥራ ሁለት ሰው በሚኖርበት መጋዘን ውስጥ ምስጢር አይኖርም። የባጃጁ ሹፌር ስንዴዎቹን አይቶ ምን እንደሆኑ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ከዚያ በኋላ ክፍሉ ሁሉ አብሮኝ መቁጠር ጀመረ። ጠዋት ከእንቅልፌ ስነቃ ሹፌሩ «ዛሬ አራተኛው ነው» ይለኛል። ካቦው ኦርቶዶክስ ነው፤ ቅዱሳንን ይወዳል፣ አሠራሬን ግን አልወደደውም። የእኛ መላእክት በየወሩ ሲታሰቡ ማንም አያጣድፋቸውም፣ አንተ ግን ለአንዲት መነኩሲት በዘጠኝ ቀን ጨርሺ ብለህ ቀጠሮ ትሰጣታለህ እያለ ያሾፍብኝ ነበር። በስምንተኛው ቀን ግን እሱም ወደ በሩ ማየት ጀመረ።

በዘጠነኛው ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ የበሩ ቁልፍ ተንቋቋ። ሁላችንም ተነስተን ተቀመጥን። በሩ ተከፈተ፣ ዘቡ አንድ ሰው አስገብቶ መልሶ ዘጋው። ሹፌሩ ጭኔን መታ አድርጎ «ሠራች» አለኝ። እኔም ደስ አለኝ። ይህን አልደብቅም፤ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ያህል ከልቤ ደስ አለኝ። ከዚያ በኋላ ነው የገባውን ሰው ያየሁት።

ሰባውን ያለፉ ሽማግሌ ናቸው። ነጭ ኮፍያ፣ ክርኑ በእጅ የተጣፈ ሹራብ፣ ጭቃው ያልደረቀ ቦቲ ጫማ። በትራቸውን በር ላይ ስለተቀበሏቸው ጉልበታቸውን በእጃቸው ደግፈው ቆመዋል። የመጡት ከገሰራ ነው፤ ገበሬ ናቸው። ከበሩ ሥር ሳይቀመጡ መጋዘኑን ዞረው አሥራ ሁለታችንንም በየተራ ጨበጡን። ለእያንዳንዳችን «አካም ጅርቱ? ፈያዻ? ሎን ነጋዻ?» እያሉ፣ እኛም ከብቶቻችንም ደህና መሆናችንን ጠየቁ። የባጃጁ ሹፌር ከብት እንደሌለው ሳይናገር ደህና ናቸው አላቸው። እኔ ጋ ሲደርሱ የእጃቸው መዳፍ እንደ ቅርፊት ሻካራ ነበር። መምህር መሆኔን ሲሰሙ በሁለት እጃቸው ያዙኝ።

ያኔ ነው ሒሳቡ የገባኝ። በሕጋችን መሠረት እኔ ከባሊው የምገላገለው ሌላ ሰው ሲታሰር ብቻ ነው። ስለዚህ ዘጠኝ ቀን ሙሉ፣ በየቀኑ ሃምሳ ዘጠኝ ፍሬ እየቆጠርኩ፣ ሰው ይታሰር ብዬ ስለምን ከርሜአለሁ። ተማሪ ቢሆን ዜሮ የምሰጥበት ስህተት ነው።

ለምን እንደመጡ ካቦው ሲጠይቃቸው በአጭሩ ነገሩን። ልጃቸው ይፈለጋል። የት እንዳለ ጠየቋቸው። አላህ ያውቃል አሉ። እንግዲያው አላህ እስኪነግርዎት እኛ ጋ ይቆዩ ተባሉ። ይህን ሲናገሩ እሳቸው ፈገግ አሉ፤ እኛም ተከትለናቸው ፈገግ አልን።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲቃረብ ካቦው ተነሳ። ሕጉን አነበበላቸው፤ ድምፁ ግን እንደወትሮው አልነበረም፣ ዓይኑንም ወለሉ ላይ ተክሏል። ሽማግሌው አዳምጠው ጨረሱ። እጅጌአቸውን ሰበሰቡና ግድግዳውን ተደግፈው ሊነሱ ጀመሩ። ጉልበታቸው ሲንቋቋ ሁላችንም ሰማን።

እኔ አወጣዋለሁ አልኩ። ካቦው አይሆንም አለኝ። ወደ ጥግ ወስዶ በዝግታ አስረዳኝ።

«ዛሬ ለሽማግሌ ብለን እንተው። ነገ ለታመመ እንተዋለን። ከነገ ወዲያ ለዘመድ። የምንጣላው ያን ቀን ነው መምህር። ይህን ክፍል ያቆመው ይሄ ሕግ ብቻ ነው።»

ትክክል ነበር፤ የሚያናድደውም እሱ ነው። ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ነውር ነው ይላል፣ ሌላው እኔ ወገቤን እያመመኝ ተሸክሜ የለም ወይ ይላል። ድምፅ ከፍ ከፍ ማለት ጀመረ። ሽማግሌው እኛ ስንጨቃጨቅ ባሊው ጋ ደርሰው ማንጠልጠያውን ይዘዋል። ከዚያ በላይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«አባቴ፣ ያሳሰርኩዎት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

እስር ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ሲነገር ሰው ሌላ ነገር ነው የሚያስበው፤ ሁለት ሰዎች ከአጠገቤ ራቅ ሲሉ አየሁ። ቶሎ ብዬ ሁሉንም ተናገርኩ። ስለ ተሬዛ፣ ስለ ስንዴዎቹ፣ ስለ ዘጠኙ ቀን፣ ምን ብዬ እንደለመንኩ። ሹፌሩ እሳቸው ያልገባቸውን በኦሮምኛ ያስረዳላቸው ነበር፤ ከእኔ የበለጠ አሳምሮ ሳያወራው አልቀረም። ሽማግሌው ባሊውን እንደያዙ ሰሙኝ።

«ስንት ቀን ነው የለመንከው?»

«ዘጠኝ ቀን፣ አባቴ።»

ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ። እየሳቁ ነበር። እስኪያስላቸው ሳቁ፣ ኮፍያቸው ወደቀ፣ ሹፌሩ አንስቶ ሰጣቸው።

«ያ በርሲሳ» አሉኝ፤ መምህር ሆይ ማለታቸው ነው። «እኔ ጋ መመላለስ ከጀመሩ እኮ ወር አልፏል። ያንቺ ዱዓ ዘግይታለች።»

አንዳንዴ ወንዱንም አንቺ የሚሉት የአማርኛቸው ነገር ነው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ሳቄ ሊመጣ አልቻለም። ያልሳቀው ሌላው ሰው ካቦው ብቻ ነበር። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሞ ያስባል፤ መዝገብ ውስጥ አንድ ነገር ያገኘ ይመስላል።

«ሳቅ ሌላ ነው» አለ በመጨረሻ። «ቢሠራም ባይሠራም፣ መምህሩ ሰው እንዲታሰር ለምኗል። በራሱ አፍ አምኗል። ይሄ በሦስተኛው አንቀጽ በደል ነው። ባሊውን ያወጣል።»

«ስንት ቀን?» አለ ሹፌሩ።

«ዘጠኝ» አለ ካቦው። እንዲህ ሲል የከንፈሩ ጫፍ ትንሽ ተነቃነቀ።

ሕጉ ሳይነካ ሽማግሌው ዳኑ። በሕይወቴ ብዙ ጊዜ ተናዝዤ የተለያየ ንስሐ ተቀብያለሁ፤ እንደዚያ ልክክ ያለ ግን አላስታውስም። ባሊውን ከእጃቸው ተቀብዬ ወጣሁ። ከሃያ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳላጉረመርም ተሸከምኩት። ኮሌታዬን ግን አሁንም ስቤ ነበር፤ ሁሉ ነገር በአንድ ቀን አይለቅም።

በዚያው ዕለት ምሽት ክፍሉ አዲስ ኖቬና እንድጀምር ወሰነ። እኔ ፈርቼ እምቢ ብል ካቦው ቃሉን ራሱ እንደሚያረቅቀው ነገረኝ። እንደ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ አደረገው። ማንም አዲስ ሰው ሳይታሰር፣ ማንም ሳይጎዳ፣ በማንም ቤት ሐዘን ሳይገባ፣ ከመካከላችን በዕድሜ ትልቁ የሆኑት ሰው ወደ ቤታቸው ይመለሱ ዘንድ። ስለ ሁላችንም እንለምን ያለም ነበር፤ ካቦው ግን አንድ ማመልከቻ አንድ ጉዳይ ነው የሚይዘው ብሎ ከለከለ። እኔ በየቀኑ መጨረሻ ላይ በልቤ «ካልከበደሽ ደግሞ እኔንም» እል ነበር። ለካቦው አልነገርኩትም።

እነዚያ ዘጠኝ ቀኖች ጥሩ ቀኖች ነበሩ። ይህን ስናገር የሚቆጡኝ ሰዎች አሉ፤ ቢሆንም ጥሩ ነበሩ። የሽማግሌውንም ሙስበሃ እንደ እኔ መቁጠሪያ በር ላይ ክር አለው ብለው ወስደውባቸዋል። ስንዴዎቼን አካፈልኳቸው። መጀመሪያ ግን አንዷን ፍሬ በጥርሳቸው ሰብረው ቀመሷት፤ የአገራቸው የገሰራ ስንዴ እንደሆነና ደረቅ ዓመት የበቀለ እንደሆነ ነገሩኝ። ከዚያ ሠላሳ ሦስት ቆጥረው ወሰዱ። እኔ በጎደለኝ ፈንታ ሌላ ቆፈርኩ። ጠዋት ጠዋት ጎን ለጎን ተቀምጠን እሳቸው በእሳቸው እኔ በእኔ እንቆጥራለን። ስለ ደጋግ ሰዎች እናወራለን። ሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ ስለ ጸለዩት ወሊ ነገሩኝ፤ ወሊው ዋሻውን ፈልገው ነው የገቡት፣ እኛ ግን ሳንፈልግ ሰጡን አሉኝ። እኔ ስለ ተሬዛ ነገርኳቸው። በስንት ዓመቷ እንዳረፈች ጠየቁኝ፣ በሃያ አራት አልኳቸው። «ልጅ ናት» አሉኝ። «ብዙ አታስቸግራት።»

ዘጠነኛው ቀን ጠዋት ላይ፣ ባሊው ገና ሳይወጣ፣ ዘቡ በሩን ከፍቶ ስማቸውን ጠራ። ዕቃ ይዞ መውጣት ነው አለ። ለምን እንደታሰሩ የተነገራቸው ሰው ለምን እንደተፈቱ ግን አልተነገራቸውም። ጸሎቱ ነው እንዳልል ያለፈው ሒሳቤ ያሳፍረኛል፤ አይደለም እንዳልልም አፌ አይታዘዝልኝም። ሹፌሩ ፍራሹ ላይ ቆሞ ይጨፍራል። ካቦው ዓይኑን ይጠርጋል፣ አቧራ ነው ይላል።

ሽማግሌው ሁላችንንም በየተራ ተሰናበቱ። ከብቶቻችሁን ሰላም በሉ አሉን። ከዚያ ወደ በሩ ሄደው፣ ጎንበስ ብለው፣ የባሊውን ማንጠልጠያ ያዙ።

ተው አልናቸው። ካቦው ቅጣቱ የመምህሩ ነው፣ እርስዎ ነፃ ሰው ነዎት አላቸው። ዘቡም ይሂዱ እንጂ ሽማግሌው፣ ምን ያደርግልዎታል ብሎ ተቆጣ። እሳቸው አልተቆጡም።

«ስገባ ተራዬ ነበር» አሉ። «ዕዳ ይዤ ቤቴ አልገባም።»

በተሰበረው ጆሮ በኩል እኔ ያዝኩ። ሁለት ሆነን ወጣን። በጣም ቀስ ብለው ነው የሚሄዱት፤ ጀርባቸው ቀጥ ብሏል፣ ኮፍያቸው ተስተካክሏል። የሮቤ ማለዳ እንደወትሮው ብርዳም ነበር፣ ሣሩ ላይ ውርጭ አለ። አጥሩ ጥግ ስንደርስ እኔ እንደለመድኩት እግሬን ላፈጥን ስል ባሊው ያዘኝ። እሳቸው ቆመዋል። ስንቅ ይዘው ለተሰለፉት ሰዎች ፊታቸውን አዙረው፣ ባሊውን በእጃቸው እንደያዙ፣ «አካም ቡልተን?» አሏቸው። እንዴት አደራችሁ ማለት ነው። ድምፃቸው የሰው ደጅ የደረሰ እንግዳ ድምፅ ነበር። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የነበሩ ሴቶች ሁሉ ብድግ አሉ። ሁሉም በአንድነት መለሱላቸው። ልጆቻችሁስ፣ ከብቱስ፣ አዝመራውስ እያሉ ጠየቁ፤ እነሱም ደህና፣ ደህና እያሉ መለሱ። ዘቡ አጠገባችን ቆሞ ነበር። ቀጥሉ ሊል አፉን ከፍቶ ተወው።

ተማሪዬ ከሰልፉ ውስጥ ነበረች። ፊቷን አላዞረችም።

«እንደምን አደሩ መምህር?» አለችኝ።

አንድ እጄ ባሊው ላይ ነው። በሌላው ኮሌታዬን ዝቅ አደረግኩ። ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን አልኳት። ትምህርት እንዴት ነው አልኳት።

«ከቀጥታ መስመሩ አላለፍንም» አለች። «እርስዎን እየጠበቅን ነው።»

ያን ቀን ጫማዬ ላይ አንድ ጠብታ አልፈሰሰም። ባሊውን አጥበን ባዶውን ይዘን ስንመለስ ሽማግሌው ማንጠልጠያውን ለእኔ ለቀቁልኝ፣ ቧንቧው ጋ ሄደው እጃቸውን ታጠቡ፣ በትራቸውን ተቀብለው ወጡ። ወደ ኋላ አላዩም።

ከዚያ በኋላ አዲስ ገቢ መልሶ እኔው ሆንኩ። ሌላ ሰው እስኪመጣ አሥራ አንድ ቀን ተሸከምኩት፤ ማንም እንዲመጣ አልለመንኩም። አንድ ወጣት የጤና ባለሙያ ሲገባ ደግሞ በመጀመሪያው ጠዋት በተሰበረው ጆሮ በኩል ያዝኩለት፣ በአጥሩ ጥግ ስናልፍም ቆመን ሰላምታ ሰጠን። ካቦው ይህን አይቶ አራተኛ አንቀጽ አወጣ፤ ባሊው በሁለት ሰው ይወጣል፣ ሁለተኛው በየተራ ይሆናል። በሃምሳ ስድስተኛው ቀን እኔም ስሜ ተጠራ። ቀበቶዬን፣ ስልኬን፣ መቁጠሪያዬን በአንድ ፖስታ መለሱልኝ። ስንዴዎቹን ወደ ስንጥቃቸው መልሼ ነው የወጣሁት፤ ያስፈልጋሉ።

አሁንም ሮቤ ውስጥ አስተምራለሁ። ዘጠነኛ ክፍልን ከቀጥታ መስመሩ አሻግሬአለሁ። ኖቬናም አደርሳለሁ፣ ግን ከመጀመሬ በፊት ልመናዬን እንደ ካቦው ሁለት ሦስት ጊዜ አነብበዋለሁ። ሽማግሌውን ገበያ ቀን አልፎ አልፎ አገኛቸዋለሁ። ከብት እንደሌለኝ ስላወቁ አሁን የሚጠይቁኝ ባሊው ደህና ነው ወይ እያሉ ነው። ስለ ልጃቸው እኔ አልጠይቅም፣ እሳቸውም አያነሱም። እጄን ግን በሁለት እጃቸው ይዘው ይቆያሉ።

ትምህርት ቤት የምሄደው በባጃጅ ነው፣ መንገዱ በመጋዘኑ አጥር ጥግ ያልፋል። ባጃጁ የዚያው የሹፌሩ ነው፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እዚያ ሲደርስ ሳልነግረው ያቆማል። ባለፈው ሰኞ ሁለት ሰዎች ባሊ ይዘው ግቢውን ሲያቋርጡ ደረስን። ባሊው አሁን ሰማያዊ ነው። አንደኛው ሰው ኮሌታውን እስከ ጆሮው ስቦ፣ ጎንበስ ብሎ ይቸኩላል። ወርጄ አጥሩ ጋ ቆምኩና እንደምን አደራችሁ አልኳቸው። ቆሙ። ያ ሰው ትንሽ አየኝና ኮሌታውን ዝቅ አደረገ። ባሊውን ሳያስቀምጥ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» አለኝ፤ «አንተስ እንዴት አደርክ?»